የዳባቷ ዳሊያ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴን ብጠይቃት «አጥራችን የታደሰ ዓመት ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አጥሩ ከታደሰ በኋላ ይመስለኛል፤ አዲሱን ቆርቆሮ ነፋስ ሲያንኳኳው እየሰማሁ አፈር ስኮተኩት ትዝ ይለኛልና። ብቻ የቅርብ ጊዜ ነው። ጉልበቴ እርሻ መውረድ እምቢ ብሎኝ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን፣ ደባርቅ ከተማ ዳር ያለችው ቤታችን ውስጥ ጠቅልለን ከገባን ወዲህ ነው። ዓመቱ ቢጠፋኝም ወሩ አልጠፋኝም፤ ነገሩ በመጋቢት ተጀምሮ በጥቅምት አለቀ።

እኔ ድንች ዘሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ገብስና ድንች ነው። ፊደል ቄስ ትምህርት ቤት ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም እርሻ ገባሁ። ስለዚህ ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው፤ የሚያነበውም ሰው ቀስ ይበልልኝ።

በእኔ ግቢ አበባ የሚባል ነገር አልነበረም። ከገጠር የመጣ ሰው ቁራሽ አፈር ካገኘ ጎመን ይተክልበታል፣ ከጎመኑ ጎን ሽንኩርት ያስገባል፣ በቃ። ባለቤቴ ግን ከተማ ከገባን ወዲህ የሰው ደጅ እያየች «እኛም ዐይን የሚያርፍበት ነገር ቢኖረን» ትል ጀመር። እኔም «ጎመኑ ላይ ይረፍ» እላታለሁ።

የልጄ ሚስት እናት የዳባት ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በመንገዱ ዳር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር አበባ ነበር። ሚኒባስ የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይላቸዋል። ከአበባው ሁሉ የሚሳሱላት ግን ለዳሊያቸው ነበር። ዳሊያ ሥሩ እንደ ድንች ከአፈር በታች የሚንዠረገግ፣ ቁመቱ የሰው ወገብ የሚደርስ አበባ ነው። ቀዩና ነጩ በብዙ ሰው ቤት አለ። የእሳቸዋ ግን ሌላ ናት።

እንዲህ ነው የተገኘችው። አንድ ዓመት የደረቀ የዳሊያ ራስ ፈልፍለው ፍሬውን በጣሳ ዘሩት። የበቀለው ሁሉ እናቱን አልመሰለም። «አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱማ ሲፈነዳ አይቼው ፊቴን አዞርሁበት» ይላሉ ሲያወሩት። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዷ ብቻ የሻይ ሰሃን የሚያክል አበባ አወጣች፤ ፊቷ የበሰለ ኮክ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ። ደስ ብሏቸው በዓመቱ የእሷን ፍሬ ቢዘሩት ደግሞ ሌላ ሌላ ሆነ። እሷን ራሷን ማግኘት የሚቻለው በሥሯ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባቸው። እንዲህ ያለች ዳሊያ ጎንደር ችግኝ ሻጮች ዘንድም አልታየች። እሳቸው ግቢ ተወለደች፤ ከእሳቸው ግቢ በቀር የትም አልነበረችም።

ኋላ ደም ግፊታቸው ጠናባቸው። ትልቋ ልጃቸው ጎንደር ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብላ ልትወስዳቸው ሆነ። የዳባቱን ቤት የተከራየው ሰው ደግሞ መኪና ሊያቆምበት ግቢውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው። እሳቸውም ከመሄዳቸው በፊት ዳሊያዋን ቆፍረው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው እኛ ዘንድ መጡ።

ጆንያውን ከጭናቸው ሳያወርዱ «አያ፣» አሉኝ፣ «ፎቅ ላይ አፈር የለም። ያለችኝ እቺው ናት። ሌላ የትም የለች። አደራ።»

«እትዬ፣ ሥር ያለው ነገር ከሆነ በእኔ ይጣሉት» አልኋቸው።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ድንች አይደለችም እኮ፣ አበባ ናት!» አለች።

«ሥሯን አላየሽውም? ድንች ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው!»

ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

«መስቀልን እዚህ ነው የምውለው» አሉ ሲሰናበቱን። «ያን ጊዜ ፊቷን ታሳዩኛላችሁ።»

አደራ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ከብት በአደራ ተቀብለህ ቢሞትብህ እንኳ ቆዳውን ተሸክመህ ሄደህ ለባለቤቱ ታሳያለህ። እንግዲህ ያችን ጆንያ የተቀበልኋት በዚህ ልብ ነው። አንዲት ብቻ መሆኗ አሳሰበኝ። በግ ቢግጣት? በረዶ ቢመታት? ስለዚህ ላበዛት ቆረጥሁ። እሳቸው ለመስቀል ሲመጡ በእኛ ደጅ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ሁሉ ቢያዩዋት እንዴት ደስ ይላቸው ይሆን እያልሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ድንች ማብዛት አውቃለሁ። ዘሩን ጨለም ካለ ጥግ ጭድ ላይ ታሳርፈዋለህ። ጊዜው ሲደርስ ዐይን ዐይኑን እያየህ ትቆርጠዋለህ። የተቆረጠውን ፊት ዐመድ ትቀባዋለህ፣ ጠገግ ሲል ትተክለዋለህ። ዳሊያዋንም ግንቦት ላይ እንዲሁ አደረግኋት። የደረቀ አገዳዋ ተቆርጦ የቀረ፣ ጡጫ የሚያክል ጉቶ ነበራት፤ ሥሮቿ ከጉቶው ላይ በቀጫጭን አንገት ተንጠልጥለዋል። ወፋፍራሙን ሥር ሁሉ ከአንገቱ በታች እየቀነጠስሁ ወሰድሁ። ጉቶውን፣ ከነተጣበቀችበት አንዲት የተጨማደደች ሥር፣ «ይህ እንጨት ነው» ብዬ ከጓሮ ፍጉ ላይ ወረወርሁት። ከዚያ ወፋፍራሙን ቆራረጥሁ፣ ዐመድ ቀባሁ። ሥራዬ አምሮኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

«እትዬን ጠይቀዋል?» አለችኝ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ።

«ድንገት ሲያዩት ነው የሚያምረው።»

«ጠይቀዋል ወይ ነው ያልሁት።»

«አንቺ ደግሞ!» አልኋት።

ለጎረቤቱ ቄስ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንዲሆን ሰጠሁ። ማዶ ሱቅ ላላት ሴትም ሰጠሁ። ቀሪውን በራሴ ደጅ፣ ጎመኑን ነቅዬ፣ በመስመር ተከልሁት። ጎመኑ ሲነቀል ባለቤቴ ምንም አላለች፤ ደስ ብሏታል ማለት ነው።

ዝናቡ ገባ። ድንች ቢሆን ሰኔ ሳይጋመስ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። እኔም በየማለዳው ደጁን እየዞርሁ አፈሩ የተሰነጠቀበትን እፈልጋለሁ። የለም። ሰኔ አለቀ፤ የለም። ጉሙ ከስሜን በኩል እየወረደ ደጃችንን ሲሸፍነው እፎይ እላለሁ፤ ባዶ መደቤን ሰው አያየውማ።

ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ላይ ቆሙ። «አያ፣ የእኔዋ ሱባኤ ገብታለች። ያንተዋስ?»

«እሷም ገብታለች፣ አባ።»

«እንግዲህ እስክትወጣ መጠበቅ ነው» አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ባለሱቋ ደግሞ በእኔ ላይ ማፌዝ ትወዳለች። ጨው ልገዛ ብሄድ «አያ፣ ቀቅዬ ልብላት እንዴ? ሽሮ ላይ ጣል ባደርጋት ምን ይለኛል?» አለችኝ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በዚያው ቀን ቤት ተመልሼ አንዱን ቆፍሬ አወጣሁት። የበሰበሰ መስሎኝ ነበር። አልበሰበሰም። ጠንካራ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ሥርም አውጥቷል። ቡቃያ ግን የለውም። ሁለተኛውን አወጣሁ፣ ሦስተኛውን አወጣሁ፤ ሁሉም እንዲያው ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የሞተ ነገር ይበሰብሳል፣ ያለ ነገር ይበቅላል። ይህ ግን ሁለቱንም አልሆነ። እጄ ላይ ይዤው ዝናቡ እያካፋብኝ ብዙ ቆምሁ።

ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ ኖሯል። ወጥታ ሥሩን ከእጄ ተቀበለችና አገላብጣ አየችው። ወደ ቤት ገባች፣ ተመልሳ ስትመጣ ስልኩ በእጇ ነው፤ እየጠራ።

«ለማን ነው?»

«ጎንደር። ይንገሯቸው።»

«ትንሽ እንቆይ፣ ምናልባት—»

«አንስተዋል» አለችና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ጤናቸውን ጠየቅሁ። የልጅ ልጆቻቸውን ጠየቅሁ። የጎንደርን ዝናብ ጠየቅሁ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«እትዬ፣ ዳሊያዋ...»

«እ?»

«ላበዛልዎ ብዬ እንደ ድንች ቆራርጬ ተከልኋት። አልበቀለችም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ከየት ላይ ነው የቆረጧት?» አሉ ኋላ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ከአንገቷ በታች።»

«ውይ፣ አያ! ዳሊያ እንደ ድንች ገላዋ ላይ ዐይን የላትም እኮ። ዐይኗ አንገቷ ላይ ነው፣ ከአገዳው ሥር። ያለዚያ መቶ ዓመት አፈር ውስጥ ብትኖርም አትበቅል።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ፎቁ ላይ ሆነው ሲሚንቶ የለበሰውን ግቢያቸውን የሚያዩት መሰለኝ።

«ጉቶውስ?» አሉ በድንገት።

«ጉቶውማ እንጨት ነው ብዬ ጣልሁት።»

«የት?»

«ፍግ ላይ።»

«ሂዱና ፈልጓት!» አሉ፤ ሳይሰናበቱኝ ዘጉት።

ፍጋችንን ያላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። የበግ በጠጥ አለ፣ ዐመድ አለ፣ የድንች ልጣጭ አለ፣ የገብስ ገለባ አለ፤ በላዩ የክረምቱ ዝናብ ወርዶበት ጭቃ ሆኗል። ከግንቦት ወዲህ በየቀኑ ሲደፋበት ከርሟል። እኔ መቆፈሪያ ይዤ ተነሣሁ።

«መቆፈሪያውን ይተዉት» አለች ባለቤቴ። «በሕይወት ካለች ይሰብሯታል። በእጅ ነው።»

ሁለት ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለን ፍግ ስንበረብር ዋልን። ባለሱቋ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብትል ባለቤቴ «ቀለበቴ» አለቻት። እስኪመሽ አልተገኘችም። እኔ ወገቤን ይዤ ተነሣሁና «በቃ፣ በእግዜር እጅ ናት። እኔ ጎንደር ልውረድ። እነዚህን ሥሮች ይዤ ሄጄ ላሳያቸው» አልኋት። የሞተ ከብት ቆዳ የሚያሳይ ሰው መሆኔ ነበር።

«ነገ እንፈልጋለን» አለች።

«ነገም ያው ፍግ ነው።»

«ነገ እንፈልጋለን ነው ያልሁት» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

በማግሥቱ ተኝቼ ዋልሁ ባልልም ከመኝታ መደቤ አልተነሣሁም፤ ወገቤንም ልቤንም አሞኝ ነበር። የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰማሁ እትዬን በምን ዐይኔ እንደማያቸው አስባለሁ። ፀሐይ ትንሽ ብልጭ ስትል ከጓሮ «አንቱ! ኑ እስቲ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስሄድ ባለቤቴ ፍጉ ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ተንበርክካለች። ልብሷ እስከ ጉልበቷ ፍግ ነው። በእጆቿ መካከል ያቺን ጉቶ ይዛታለች። ከጎኗ፣ ከአንገቷ ላይ፣ የጣት እርዝማኔ ያላት ነጭ ቡቃያ ወጥታለች፤ ብርሃን ፍለጋ በገለባው ውስጥ ተጠማዝዛ፣ ጫፏ ላይ ሁለት ሐመር ቅጠል ይዛ። የፍጉ ሙቀት አቆይቷታል።

«እንጨት ነው አላልሁም?» አለችኝ ባለቤቴ በእኔ ድምፅ። ጥርሷ ሁሉ ታየ። እኔ ግን እዚያው ፍጉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ስላለው ብዙ የምለው የለኝም። ባለቤቴ ያዘቻት፣ እኔ አፈር መለስሁ። እጄን ፈርቼው ነበር። እየቆየች አረንጓዴ ሆነች፣ ቀና አለች። ነሐሴ ላይ በረዶ ሲጥል ባለቤቴ ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጣ እንቅብ ደፋችባት፤ ደባርቅ ላይ እንቅብ ስንዴ ሲይዝ እንጂ አበባ ሲጠብቅ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእትዬ ደውለን «አለች» ብንላቸው «ስትፈነዳ አምናለሁ» አሉ። መቆጣታቸው ገና አልበረደም ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ለመስቀል መጡ። ቤት ሳይገቡ፣ እኔንም ሳይስሙ፣ በቀጥታ ወደ መደቡ ሄዱ። ዳሊያዋ ወገቤ ደርሳለች፤ አበባ ግን የላትም። ጫፏ ላይ አተር የምታክል እምቡጥ ብቻ አለች። እትዬ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ዘግይታለች» አሉ።

«ዘግይታለች፣ እትዬ።»

«ውርጩ ሲመጣ ይገላታል።»

እኔም ያሰብሁት እሱን ነበር። ጥቅምት ሲገባ እኛ አገር ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ያች እምቡጥ ከውርጩ ቀድማ ካልፈነዳች፣ ከፍግ የወጣችው ዳሊያ የእሳቸው መሆኗን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው ከጎንደር ደወለች። «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» «ስትፈነዳ» አሉ እትዬ። ስልኩን ዘግተው ባለቤቴን «አንድ ብርድ ልብስ አለሽ?» አሏት። እንዲህ ሆኖ እኛ ዘንድ ሰነበቱ።

ያ ሰሞን ሲታሰበኝ ደስ ይለኛል። ፀሐይ ወደ መጥለቁ ሲል ሁለቱ ሴቶች እንቅቡን ይዘው ይወጣሉ። «ወደ ግራ ነው፣ ቅጠሏን ነካሽው።» «እኔ ነኝ በረዶ ያሳለፍኋት፣ አውቃታለሁ።» «እኔ ነኝ የወለድኋት!» እኔ ድንጋይ አቀብላቸዋለሁ፣ ነፋስ እንቅቡን እንዳይገለብጠው። ጠዋት ደግሞ ማን እንደሚያነሣው ይከራከራሉ። አንድ ቀን ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፤ የባለሱቋ ዱባ ቅጠሉ ጠቁሮ ወደቀ። እንቅቡን ስናነሣ ዳሊያዋ ደህና ናት። እምቡጧ ለውዝ አክላለች፣ በስንጥቋም የኮክ ቀለም ይታያል።

ዛሬ ዳሊያዋ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አለች፣ በባለሱቋም ደጅ አለች። ከነአንገቷ እንዴት እንደምትከፈል እትዬ ራሳቸው መጥተው አሳዩን። ሰዉ ስም አውጥቶላታል፤ «የዳባቷ» ይላታል። ዳባት ግን ዛሬ የለችም፤ ያለችው ደባርቅ ነው። ቄሱ እንግዳ ሲመጣ «ይህቺ ሱባኤዋን ጨርሳ የወጣች ናት» ይላሉ።

የፈነዳችበት የጥቅምት ማለዳ ግን አንዲት ብቻ ነበረች። ባለቤቴ እንቅቡን ቀና ስታደርገው ወዲያው አላወቅንም ነበር፤ ከዚያ ፀሐዩ መታትና አየናት። ፊቷ የበሰለ ኮክ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ፣ ልክ እንደተባለው። እትዬ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፉና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ ሰው እንግዳ ሲቀበል እንደሚቀመጠው።

«ራሷ ናት» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው ሳቅ አሉልኝ። «አያ፣ አደራዬን አላጠፉም።»

«እኔማ አጥፍቼው ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከፍግ ማን አወጣት?»

እሷ እንቅቡን አራግፋ ወደ ጓዳ ልትመልሰው መንገድ ጀምራ ነበር። በአገጬ አሳየኋቸው፤ የልጆቼን እናት።